ታሪካችንን ማን ይንገርልን?

ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስጠነቅቁ ፖስተሮች በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተለጥፈዋል። ብዙዎቻችን ግን በዓይናችን ገረፍ አድርገን እናልፋቸዋለን። ታሪክ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ይባል የለ! ዛሬ የማጫውታችሁ ተመልካቹን ታሪኩ መሐል ስለሚያስገባው መሳጭ ፊልም ነው። ከማኅበረሰቡ ጋር ተባብሮ እንዴት እንደሚሠራና እኛ በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ምን ልንማርበት እንደምንችል አብረን እንይ።

መሳጭ ፊልም ምንድን ነው?

ተራ ካሜራ የሚያሳየን ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። የ360 ዲግሪ ካሜራ ግን ከፊትም ከኋላም ሌንስ ስላለው ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርፃል። ከዚያ ምስሎቹ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ተገጣጥመው አንድ ክብ ምስል ይሆናሉ። ተመልካቹ ስልኩን ወደ ቀኝ ሲያዞር የቀኙን፣ ወደ ላይ ሲያነሳ ሰማዩን ያያል። ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር ካየውማ እዚያው ቦታ ላይ የቆመ ያህል ይሰማዋል።

ሩቅ ሳንሄድ

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እዚሁ ክልላችን ውስጥ አለ፤ በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ መንደር ሥራን የወንድና የሴት ብሎ አይከፍልም። ሴት ታርሳለች፣ ወንድም ይጋግራል። ያለ ዕድሜ ጋብቻም አይፈቀድም።

ፓውሊና ቴርቮና ሰርዳር ፈሪት የተባሉ ፊልም ሠሪዎች ይህን መንደር በኢንተርኔት ላይ ሰው ሊዘዋወርበት በሚችል መልኩ አቀረቡት። ተመልካቹ በመንደሩ ውስጥ ዞር ዞር ይላል፤ የሚፈልገውን ሲመርጥ አጭር ፊልም ይከፈትለታል። ስለ ኑሯቸው የሚናገሩትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ባለሙያዎች ከዚህ ሥራ ባገኙት ልምድ በመነሳት ሊፍታ የተባለ፣ በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ተማሪዎችን የሚያስተምር ድርጅት መሠረቱ።

"ታዲያ ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። በጣም ይገናኛል! ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ከትምህርቷ ትቀራለች፤ ስለ ምርመራም ሆነ ስለ ኮንዶም ከባሏ ጋር እኩል ተነጋግራ ለመወሰን አቅም ታጣለች። እኩልነትን በቃል ከመስበክ ደግሞ እኩል የሚኖሩ ሰዎችን ቤታቸው ገብቶ ማየት ይበልጣል።

ሬዲዮም ይመስጣል

መመሰጥ በካሜራ ብቻ የመጣ አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጃቸው ሁለት ድራማዎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፉ ነበር። "የቀን ቅኝት" በአማርኛ 257 ክፍሎች፣ "ዲምቢባ" በኦሮምኛ 140 ክፍሎች ነበሯቸው። በኋላ በተደረገው ጥናት መሠረት አድማጭ ከሆኑት ወንዶች መካከል ለኤች አይ ቪ ምርመራ የሄዱት ካላደመጡት አራት እጥፍ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዞናችን ሁለቱም ቋንቋዎች የሚነገሩበት ነው። የእኛም ሥራ በሁለቱም መሆን አለበት።

የእኛስ ታሪክ?

ታሪክ ሞልቶናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል፤ ሹፌሩም ነጋዴውም ይመላለስበታል። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ያገናኛል። በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳሉ። ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው ምን ይገጥመዋል? ለከተማ ሥራ ከገጠር የመጣች ልጅስ? ይህን ከእኛ የተሻለ ማን ይተርከዋል?

ጥንቃቄ!

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን እናስብ። በትንሽ ከተማ ሰው ሰውን ያውቃል። የ360 ካሜራ ደግሞ ከኋላው የሚያልፈውንም ይቀርፃል። በጤና ጣቢያ ግቢ ብንቀርፅ፣ መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ወገናችን ሳያውቀው ፊልማችን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ አንዴ ከተላለፈ አይመለስም። ያ ሰው መገለልን ፈርቶ መድኃኒቱን ቢያቋርጥስ? ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ ጤናው ይታወካል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ሲያቋርጥ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል። ለማስተማር ብለን የሠራነው ፊልም ጎዳ ማለት አይደል?

ስለዚህ ለየክበባችሁ የምመክረው ይህን ነው፦

- የምትቀርፁትን ሰው በሚገባው ቋንቋ አስፈቅዱ፤ ፊልሙ የትና ለማን እንደሚታይ ንገሩት። "ይቅርብኝ" ካለ አታስገድዱት።
- ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጁን ወይም አሳዳጊውን ጭምር አስፈቅዱ።
- በሕክምና ቦታ አትቅረፁ። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ታሪኩን መናገር ፈልጎ መታየት ካልፈለገ በሌላ ሰው ድምፅ ወይም በድራማ አቅርቡት።
- ለሕዝብ ከማሳየታችሁ በፊት ለባለታሪኩ አሳዩት፤ "ይውጣ" ያለውን አውጡ።
- ከፊልሙ በኋላ ውይይት ይኑር፤ ጥያቄ የሚመልስ የጤና ባለሙያም ጋብዙ።

ካሜራው እስኪገኝ አትጠብቁ። የትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎን ካለው ጀምሩት፤ ስልክ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ምን ቀረ? ዋናው ነገር ባለታሪኩ አምኖን መናገሩ ነው። እምነቱን ጠብቀን እናስተምርበት።

ቸር ይግጠመን!