ሶላር ገዢ ከፓነሉ በፊት ስለ ባትሪውና ስለ ጠጋኙ ይጠይቅ

የወተት ላም ያለው ሰው ቀኑን የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በጓሯቸው ላም የሚያልቡና ዶሮ የሚያረቡ ነዋሪዎች መብራት አጥብቀው የሚፈልጉትም ንጋት ሳይቀድ እና ከመሸ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ከጠፋ የወተቱን ጣሳ በአንድ እጅ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ማለብ ግድ ይሆናል። ለመጠባበቂያ ሶላር ላስገጥም ብሎ የሚነሳ ቤተሰብ ታዲያ ብዙ ርቆ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ክፍለ ከተማው የመርካቶ ጎረቤት ነው። በአየር ጤና በኩል በጅማ መንገድ ወደ ገጠር የሚመለስ አርሶ አደርም ፓነሉን ከመርካቶ ገዝቶ መኪና ላይ አስጭኖ መሄድ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ፓነል ከማሳየቱ በፊት «ምን ምን ታበራላችሁ? ለስንት ሰዓት?» ብሎ ካልጠየቀ ሻጭ እንጂ ገጣሚ አይደለም። ስሌቱ ማንም አርሶ አደር በደብተር የሚሠራው ነው። እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 140 ዋት ሰዓት ይሆናል። 40 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ሲከፈት 160፣ ስልኮች ቻርጅ ለማድረግ 20፣ በድምሩ 320 ዋት ሰዓት ማለት ነው። በሽቦ፣ በኮንትሮለርና በባትሪ የሚባክነው ሲታከልበት 450 ገደማ ይደርሳል። አንድ ፓነል አዲስ አበባ ላይ በበጋ በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ የሠራ ያህል ኃይል ሲያመነጭ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 450ን ለ4 ማካፈል ነው። ለዚህ ቤት ከ120 እስከ 150 ዋት የሆነ ፓነል ይበቃዋል። በበጋ ስሌት የሸጠ ሰው ደንበኛውን በክረምት ጨለማ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ሶላር የማይችለውንም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ በዚህ መጠን ባለ የቤት ሶላር እንጀራ ይጋገራል የሚል ሻጭ ካለ ከእሱ ጋር መነጋገሩን እዚያው ማቆም ይሻላል። ጫጩት ማሞቂያውም እንዲሁ ነው። 250 ዋት የሆነ አንድ የማሞቂያ አምፖል ቀንና ሌሊት ሲበራ 6 ሺህ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ከላይ የተሰላው ቤተሰብ ከሚጠቀመው 19 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። በአንጻሩ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስታገኝ በደንብ ትጥላለች፤ የኢትዮጵያ ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የጎደለውን ሁለት ሦስት ሰዓት ጥቂት ኤልኢዲ አምፖሎች ይሞሉታል። በሌማት ትሩፋት ዶሮ ይዞ ለተነሳ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የሶላር አገልግሎት ማግኘት ያስቸግራል።

ገዢው ዓይኑን የሚጥለው ፓነሉ ላይ ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን ባትሪው ነው። ጥሩ ፓነል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። የአሲድ ባትሪ ግን ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላይ በየቀኑ ከተወሰደበት ዕድሜው ያጥራል፤ ተጠንቅቀው ቢይዙትም ከጥቂት ዓመት አያልፍም። ሊቲየም ባትሪ እስከ 80 በመቶ ቢወሰድበትም ይችላል፤ ጥራት ያለው ከሆነ 10 ዓመት ገደማ ይቆያል። የመኪና ባትሪ በሶላር ላይ መግጠም ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው፤ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለመስጠት አልተሠራም።

ስለዚህ ዋጋ የሚመዘነው በዓመት ነው። የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት ያህል፣ የአሲዱ ባትሪ 20 ሺህ ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 6 ሺህ 700 ብር ገደማ ይወጣበታል። ሊቲየሙ 40 ሺህ ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ቢቆይ በዓመት 4 ሺህ ብር ነው። እጥፍ የተከፈለበት ባትሪ ረከሰ ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ርካሹን ስጠኝ» ማለት በሦስተኛው ዓመት እንደገና መርካቶ ያስመልሳል።

ፕሮፎርማ ሲቀበሉ ደግሞ የፓነሉ ዋት፣ የባትሪው ዓይነትና አምፔር ሰዓት፣ የኮንትሮለሩና የኢንቨርተሩ መጠን፣ የሽቦው ውፍረት፣ የመግጠሚያው ክፍያ ለየብቻ ተጽፎ መምጣት አለበት። «ሙሉ ሶላር» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ዋጋ ከሌላ ሱቅ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ዋጋው የሚጸናበት ቀንም ይጻፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የወር ዕድሜ ያለው ፕሮፎርማ እምነት አይጣልበትም።

በአንድ ሣጥን ተጠቅልለው የሚሸጡትን የቤት ሶላሮች በተመለከተ ቬራሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ ያለፉትን ምርቶች ዝርዝር በነጻ ያወጣል፤ መለኪያው ለቤት ሲስተም ቢያንስ የ2 ዓመት፣ ለእጅ ፋኖስ ደግሞ የ1 ዓመት ዋስትና ይጠይቃል። ለየብቻ ተገዝቶ የሚገጠመው ትልቁ ሶላር ሲሆን የገጣሚው ማንነት ይበልጥ ያሳስባል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ ስለሚሰጥ ያንን አሳየኝ ማለት የገዢው መብት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ያልተቀበለ ሰው ግን ይህንን በምን ያስረዳል?

ጥገናን አስቀድሞ በማሰብ ረገድ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ መንደር ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በሬማ የቤት ሶላሮችን ሲያስገጥም ፓነል አድሎ ብቻ አልሄደም። እዚያው መንደር ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተጠቃሚዎቹም በየወሩ እየከፈሉ የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍኑ ተደረገ። አምፖል ሲጠፋ የሚጠራው ሰው በእግር የሚደረስበት ነው ማለት ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች ለአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልና ለእንስሳት ጤና ኬላ ሶላር ሲያስገዙ ይህ ነገር ሊያሳስባቸው ይገባል። ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ከታየ አሸናፊው ባትሪውን አሳንሶ ያሸንፋል፤ ጉዳቱ የሚታየው በጀቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። የባትሪው ዓይነት፣ ጥገና የሚሰጥበት ጊዜ፣ ብልሽት በተነገረ በስንት ቀን ውስጥ ባለሙያ እንደሚመጣ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢሰፍር ተወዳዳሪዎቹ በእኩል ይመዘናሉ። ክፍያውም በአንድ ጊዜ ተጠናቆ ባይሰጥ ይመረጣል።

በኮልፌ በኩል አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ባሕር ዛፉ። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓነሉን ጉልበት በእጅጉ ሊቀንሰው ስለሚችል ገጣሚው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጠዋትም ከሰዓትም ጥላው የት እንደሚወድቅ ማየት አለበት። ፓነሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ፣ ከቆርቆሮው ጋር ሳይጣበቅ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ይገጠማል፤ ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታም ክረምት ሳይገባ በደንብ ይደፈናል። ከዚያም የመጨረሻው ክፍያ ሳይሰጥ ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ምሽት አምፖሉንም ቴሌቪዥኑንም በተሰላው ሰዓት ልክ ያብራ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ላሟ ስትታለብ አምፖሉ በርቶ ከተገኘ ቀሪው ሒሳብ ይከፈላል።