ተጨማሪ መረጃ፦ ኢልኬ ቪሉዳ፣ ሁለት መድረክ ያየች ዲስከስ ወርዋሪ

ኢልኬ ቪሉዳ በ1969 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ተወለደች። በ20 ዓመቷ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የሴቶች ዲስከስ 74.56 ሜትር ወረወረች። በምሥራቅ ጀርመን አበረታች መድኃኒት በመንግሥት ዕቅድ ለስፖርተኞች ይሰጥ እንደነበር በኋላ በመጋለጡ፣ የዚያ ዘመን ውጤቶች ዛሬም ያከራክራሉ።

ቪሉዳ በ1990 እና በ1994 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ደግሞ 69.66 ሜትር በመወርወር ሁለተኛ የወጣችውን ከ3 ሜትር በላይ በልጣ ወርቅ አጠለቀች።

ከውድድር በኋላ ሐኪም ሆነች። በ2011 ግን በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት ቀኝ እግሯ ተቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ፓራሊምፒክ በዲስከስና በአሎሎ ውርወራ ተወዳደረች። ቀድሞ ስፋቱ 2.5 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ በፍጥነት ተሽከርክራ ትወረውር ነበር፤ በለንደን ግን ተቀምጣ፣ ኃይሏን ከወገቧ፣ ከትከሻዋና ከክንዷ አውጥታ ወረወረች። ዲስከስን 9ኛ፣ አሎሎን 5ኛ ሆና ጨረሰች። በ2024 በ55 ዓመቷ አረፈች። በኦሎምፒክም በፓራሊምፒክም መወዳደር የቻሉ አትሌቶች ጥቂት ናቸው፤ ቪሉዳ ከእነዚህ አንዷ ናት።