የኅዳር ድል ለየካቲት ዋስ አይሆንም

የበረዶ ሩጫ እንደ ትልቅ ጉዳይ በሚታይባቸው በሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ ይኸውም በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ፣ የኅዳር ወር ሲጋመስ በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ዘንድሮ ማን ጠንክሮ መጣ? ማንስ ደክሞ ታየ? ለተመልካቹ ይህ የጨዋታ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ለሯጩ ግን የዓመት እንጀራው የሚቆረስበት ሰዓት ነው። እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሣ በአንድ ቁና ናሙና የዓመቱን ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ እንደሚቀናው፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደሚከስር አንባቢያችን ያውቃል። የኅዳርን ውጤት አይቶ የየካቲትን አሸናፊ የሚናገርም ከዚሁ ነጋዴ እምብዛም አይለይም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በአገር አቋራጭ የበረዶ ሩጫ ላይ ሯጩ ስኪ የተባሉትን ሁለት ቀጫጭንና ረዣዥም ሰሌዳዎች ከጫማው ጋር ያያይዝና በሁለት ዘንግ እየተመረኮዘ ሽቅብም ቁልቁልም ይሮጣል። ከተራራ ጫፍ ወደ ታች ብቻ ከሚወረድበት የስኪ ዓይነት የተለየ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚፈተኑት ልብና ሳንባ ናቸው። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ከማይሞላ አጭር ሽቅድምድም አንሥቶ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የዓለም ዋንጫ የሚባለው በአንድ ቀን የሚገኝ ድል አይደለም፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በልዩ ልዩ አገር የሚደረገው ውድድር ነጥብ ተደምሮ የሚሰጥ ማዕርግ ነው። የዓለም ሻምፒዮናና ኦሊምፒክ በሚውሉባቸው ዓመታት ግን ሜዳልያው የሚታደለው በየካቲት ገደማ ነው።

የዓለም ዋንጫው መክፈቻ ዘወትር የሚደረገው በሰሜን ፊንላንድ፣ ሩካ በምትባለው ኰረብታማ ቦታ ነው። በዚያ ወራት ፀሐይዋ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ ብርዱም ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ሩጫው እንዳይካሄድ ደንብ ተሠርቶለታል። ለኖርዌይ ሯጭ ግን ከሩካ የበለጠ የሚያስፈራው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በገዛ አገሩ፣ ቤይቶስተለን በተባለው ስፍራ የሚደረገው ውድድር ነው። ኖርዌይ የሯጭ ብዛት ሞልቶ የተረፋት አገር በመሆኗ፣ በብሔራዊው ቡድን ውስጥ ቦታው ያልጸናለት ሰው ወደ ሩካ መሄዱና መቅረቱ በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ይቈረጣል። በዚያ አሥረኛ ወጥቶ በሐዘን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ወጣት በሌላ አገር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ የቡድኑ አለቃ በሆነ ነበር!

የነገሩ ችግርም እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ሯጮች ብርቱ የሚባሉት በዓመት ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ይለማመዳሉ፤ አብዛኛው ልምምድ ቀስ ያለና ረዥም ሲሆን፣ በበጋም መንኰራኵር በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይሮጣሉ። ሆኖም ከኅዳር እስከ መጋቢት በኀይሉ ጫፍ ላይ ሊቆይ የሚችል ሰውነት የለም። ቦታው የጸናለት ሰው በዝግታ እየጠነከረ ለየካቲት ይደርሳል። ቦታው ያልጸናለት ግን በኅዳር ተስሎ መታየት ግድ ስለሚሆንበት፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሜዳልያ በሚታደልበት ጊዜ ነው። በእኛ አስተያየት በመክፈቻው ሰሞን ከሚታየው ድንቅ ውጤት ብዙው ከዚህ ጭንቀት የተወለደ ነው።

ምሳሌ እንጥቀስ፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የኖርዌዩ ዮሃንስ ክሌቦ በ2017 ኅዳር ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ሩካ ላይ ድል አድርጎ ጀመረ፤ በተከታዩ የካቲትም በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ 3 ወርቅ አገኘ። ይህን ያየ ሁሉ ኅዳር አይዋሽም አለ። በ2018 ግን በዚያው ሩካ አጭሩንም የ15 ኪሎ ሜትሩንም ሩጫ ያሸነፈው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦልሹኖቭ ሲሆን፣ ስለ ክሌቦ መድከም ብዙ ተወራ። ያ ክረምት ሳያልቅ ክሌቦ በሲፌልድ የዓለም ሻምፒዮና 3 ወርቅ ወሰደ፤ የዓመቱም የዓለም ዋንጫ የእርሱ ሆነ።

የ2023 መክፈቻ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። ክሌቦ በሕመም ምክንያት ከሩካ ቀረ። በ10 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ የ32 ዓመቱ ፊንላንዳዊ ፔርቱ ሂቫሪነን በገዛ ወገኖቹ ፊት የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድል አገኘ። በዚያው ወራት ፍሎሪን ያለበት የስኪ ሰም በሙሉ ስለ ተከለከለ የየቡድኑ ሰም ቀቢዎች ሥራቸውን እንደ አዲስ ይማሩ ነበር፤ ስለዚህ የሰውየው ጉልበትና የሰሌዳው መንሸራተት ተለይቶ መታወቁ አስቸጋሪ ሆነ። ክሌቦ በገና ሰሞን እንደ ገና ታሞ ቱር ደ ስኪ ከተባለው ተከታታይ ውድድርም ቀረ። በጸደይ ብዙ ጊዜ ቢያሸንፍም የጎደለው ነጥብ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ዋንጫውን የአገሩ ልጅ ሃራልድ ኧስትበርግ አሙንድሰን ወሰደ። በሴቶቹ በኩል የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደችው አሜሪካዊቱ ጄሲ ዲጊንስ ነበረች። እንግዲህ ኅዳር ለሜዳልያ ዋስ ባይሆንም፣ ነጥብ ለሚቈጠርበት ዋንጫ ግን እንደ ማንኛውም ወር እኩል ዋጋ አለው።

ሕመሙ በእነዚህ ሯጮች ላይ የሚበረታበት ምክንያት አለው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በብዛት ወደ ሳንባ ሲሳብ የመተንፈሻውን ቧንቧ ያቈስላል፤ አስም በበረዶ ሯጮች ዘንድ የበዛውም ስለዚህ ነው። በመከር ከእነርሱ ብዙዎቹ ከሰው ጋር መጨባበጥን እንኳ ይሸሻሉ። ከዚህም በቀር አንዳንዶቹ ደም እንዲጠነክርላቸው ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ወደሚሉ የአልፕ ቦታዎች፣ እንደ ሊቪኞ ወዳለው፣ ሄደው ይሰነብታሉ። ከወደብ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደጋ የወጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚያጥር ስለሚያውቅ፣ የዚህን ልምምድ ብርታት ሳይነገረው ይረዳል።

የእኛም ወገን ከዚህ ሩጫ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ሮቤል ዘሚካኤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ ለኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆኖ፣ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጥቷል።

በመጨረሻም የስዊድኗን ፍሪዳ ካርልሶንን ማንሣት ይገባል። በ2019 ሲፌልድ ላይ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለች 3 ሜዳልያ ስላገኘች፣ በሚከተለው ክረምት የአገሩ ዓይን ሁሉ በእርሷ ላይ ነበረ። ሆኖም የጤንነቷ ሁኔታ የተወሰነውን መመዘኛ ስላላሟላ፣ ጓደኞቿ ነጥብ ሲሰበስቡ እርሷ ከውድድር ተከልክላ ለሳምንታት ቤት ዋለች። ይህን የወሰኑት ሰዎች ያን ጊዜ የደረሰባቸው ወቀሳ ቀላል አልነበረም፤ እኛ ግን በዚያ ወራት ከተሠራው ሥራ ሁሉ ይህን እናስበልጣለን። በ2020 መጋቢት፣ በኦስሎ ሆልመንኮለን በተደረገው የ30 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ በዚያ ክረምት በረዥሙ ርቀት የሚስተካከላት ያልተገኘችውን ኖርዌያዊቱን ቴሬሴ ዮሃውግን እስከ መጨረሻው ተከትላ ቀደመቻት። የኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ ስለ ነበረ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ፣ በሌላ ጊዜ በሕዝብ የሚጥለቀለቀው ያ ሜዳ ጭር ብሎ ነበር።