ዓመቱ ያልሞላ ኮንዶሚኒየም እንዴት ይሸጣል? ውክልናስ ለገዢው ምን ያህል ዋስትና ነው?

ከአዲስ አበባ መሀል ተነሥቶ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ የካ አባዶ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ የሚቀበለው ተመሳሳይ ቁመትና ቀለም ያላቸው ሕንፃዎች ሰልፍ ነው። ወደ ሰፈሩ ሲቃረብ ደግሞ፣ ከሻይ ቤቱና ከታክሲ ተራው አጠገብ፣ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ጽሑፍ አያጣም። ከሥሩ የደላላ ስልክ ቁጥር ሰፍሯል።

ማስታወቂያው የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ለገበያ ከሚቀርቡት ቤቶች መካከል ባለቤቶቻቸው ገና እንዲሸጧቸው ሕግ የማይፈቅድላቸውም ይገኛሉ። እንዲያም ሆኖ ይሸጣሉ። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል፣ ገዢው ሴራሚክ አንጥፎ ልጆቹን ይዞ ይገባል። በመዝገብ ላይ ግን ቤቱ የሻጩ እንደሆነ ይቆያል።

ገደቡ ከየት መጣ?

የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. በተካሄዱት ሁለት ትላልቅ ምዝገባዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ስማቸውን አስመዘገቡ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉት መጠሪያዎች ከአከፋፈሉ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበውን ድርሻ፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነውን ያመለክታል። ባለቤቱን የሚለየው ዕጣ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶባቸዋል።

ቤቶቹ መንግሥት መሬት አቅርቦና ወጪ ደጉሞ ያሠራቸው በመሆናቸው ዋጋቸው ከገበያው በታች ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው በማግስቱ ሸጦ ልዩነቱን ኪሱ እንዳይከት፣ ቤቱም በእርግጥ ቤት ለሌለው እንዲደርስ ሲባል፣ ከተላለፈለት በኋላ ለ5 ዓመታት እንዳይሸጠው ገደብ ተጥሎበታል። ማከራየት አልተከለከለም። ባለቤቱ ቢሞትም ቤቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል።

የገደቡ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሕይወት ግን ሁልጊዜ ከሐሳቡ ጋር አይሄድም። ለምሳሌ መርካቶ ውስጥ ሸቀጥ የምትነግድ፣ ልጆቿን በዚያው አካባቢ የምታስተምር እናት ዕጣዋ ከከተማዋ ዳር ወጣ እንበል። ቤቱን ስትረከብ ወለሉ አልተነጠፈም፤ የማጠናቀቂያው ወጪ የራሷ ነው። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ይጀምራል፤ መሀል ከተማ ያለው የኪራይ ቤትም ክፍያው አይቆምም። ትራንስፖርቱ ሲጨመርበት፣ ዓመታት የተጠበቀው ዕጣ ሸክም ይሆናል። ገደቡ ይህችን እናትና ቤት ለትርፍ የሚያገላብጠውን ሰው አይለይም።

"በውክልና" ሲባል ምን ማለት ነው?

ደላላው ለዚህ ሁሉ አጭር መልስ አለው፤ በውክልና ይሸጣል። ሻጩ ወደ ውልና ማስረጃ ሄዶ ለገዢው ወይም ገዢው ለሚያምነው ሰው የውክልና ሥልጣን ይሰጣል። ሰነዱ ቤቱን ለማስተዳደር፣ ለማከራየት፣ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል፣ ጊዜው ሲደርስም ለመሸጥና ስም ለማዛወር እንደሚያስችል ይዘረዝራል። ጠንቃቃ ገዢ "ለራሱም ጭምር" የሚል ሐረግ ያስጨምርበታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተወካይ በወካዩ ስም ከራሱ ጋር የሚዋዋለውን ውል ወካዩ ሊያስፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋልና።

ከውክልናው ጎን ሌሎች ወረቀቶችም ይዘጋጃሉ። አንዳንዶች በምስክሮች ፊት የግል የሽያጭ ውል ይፈራረማሉ። ሻጩን ለመያዝ ሲሉ ያልተሰጠ ገንዘብ እንደተሰጠ የሚያስመስል የብድር ውል የሚጽፉ አሉ። ሻጩ ቤቱን ለገዢው እንዲናዘዝለት የሚያደርጉም አይጠፉም። ወረቀቱ በበዛ ቁጥር ገዢው የተጠበቀ ይመስለዋል።

እያንዳንዱ ወረቀት ግን በራሱ ቦታ ይሰነጠቃል። ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሽረው የሚችለው ሰነድ ነው። የቤት ሽያጭን በተመለከተ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። ሻጩ በካደ ጊዜ፣ በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመው ወረቀት ገዢው ያሰበውን ያህል አይመክትለትም።

የማይሻር ውክልና አለ?

በገበያው ብዙ የሚሰማው ማጽናኛ "ውክልናው የማይሻር ነው" የሚለው ነው። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። በአንቀጽ 2226 መሠረት ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ ይህን መብቱን የሚያስቀር ስምምነት ቢጻፍም ዋጋ የለውም። የቤት ዋጋ በ3 ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሲያድግ የተመለከተ ሻጭ፣ ወይም ልጆቹ "በርካሽ ሰጠኸው" ብለው የሚወቅሱት አባት፣ አንድ ማለዳ ሄዶ ሊሽረው ይችላል ማለት ነው።

ሻጩ የታመነ ሰው ሆኖ ቢጸናም ሞት አለ። በአንቀጽ 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገዢው የሚጋፈጠው አብሮት ሻይ የጠጣውን ሰው ሳይሆን ወራሾቹን ነው። ከወራሾቹ መካከል ስለ ሽያጩ ሰምቶ የማያውቅ ይኖራል፤ ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰም ሊኖር ይችላል። እነርሱ ዘንድ ያለው ማስረጃ ቤቱ በአባታቸው ወይም በእናታቸው ስም መመዝገቡ ነው።

ሦስተኛው ስንጥቅ ትዳር ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ስለ ውሉ ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ዕጣው በባል ስም ስለወጣ ቤቱ የባል ብቻ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውሉ ቢፈርስ ምን ይመለሳል?

ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገዢው ቤቱን፣ ሻጩ ገንዘቡን። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። የብር የመግዛት አቅም በሚወርድበት አገር ግን የሚመለሰው ቁጥሩ እንጂ ቤቱ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ለቤት የተከፈለ ገንዘብ፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ ያው ቁጥር ሆኖ ቢመለስ፣ በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት መግዛቱ ያጠራጥራል።

ታክስ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ የሚያስጽፍ ገዢ ጉዳቱ ይብሳል። ፍርድ ቤት አስቀድሞ የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ከወረቀት ውጪ በእጅ የተሰጠውን ማስረዳት እጅግ አዳጋች ይሆናል።

ነገሩ በውጭ አገር ለሚኖሩትም ቅርብ ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመች ሴት፣ ወንድሟ በሚልክላት የስልክ ምስል ብቻ ቤት ልትገዛ ትችላለች። ያን ጊዜ በእርሷና በቤቱ መካከል ሁለት ውክልናዎች ይቆማሉ፤ አንዱ ሻጩ የሰጠው፣ ሌላው እርሷ ለወንድሟ በቆንስላ በኩል የላከችው። ሁለቱም ሊሻሩ፣ ሁለቱም በሞት ሊቋረጡ የሚችሉ ናቸው።

ጊዜው ሲሞላ

5 ዓመቱ ሞልቶ ለመሸጥ የሚነሣ ባለቤት የሚሄድበት መንገድ ይለያል። ካርታው በስሙ መውጣቱንና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ያልተከፈለ የባንክ ብድር ካለ መዘጋት ወይም ባንኩ በሚስማማበት መንገድ ወደ ገዢው መተላለፍ ይኖርበታል። ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ያላገባ ከሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ማስረጃ ያቀርባል። ውሉ ከጸደቀ በኋላ አሹራና የቴምብር ቀረጥ ተከፍሎ ስም ይዛወራል። ማን ምኑን እንደሚከፍል አስቀድሞ ካልተነጋገሩ ጠቡ የሚነሣው መስኮቱ ፊት ቆመው ነው።

ቀብድም የራሱ ሕግ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሐሳቡን የቀየረው ገዢው ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ከሆነ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ የተሻለ ዋጋ ይመጣል ብሎ የሚያመነታ ሻጭ ትልቅ ቀብድ ባይቀበል ይሻለዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አሳንሰር በሌላቸው የ20/80 ሕንፃዎች የታችኞቹ ፎቆች ፈላጊ ይበዛላቸዋል። ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ታክሲ እስከ የት እንደሚገባና ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ገዢው ከጎረቤት ጠይቆ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ጉዳይ ነው። ካርታው ወደ ገዢው ስም ከዞረ በኋላም ደረሰኙ ለወራት በቀድሞው ባለቤት ስም መምጣቱን ይቀጥላል። ውዝፍ ክፍያ ካለም የሚታወቀው ቆጣሪው ሲቆረጥ ነውና፣ ቁልፉ ከመረከቡ በፊት የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች መጠየቅ ይቀላል።