ማርስ ላይ የተገኘው ጄሶ

ባለፈው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ “ጥንት ማርስ ላይ ውሃ ነበረ” ሲባል አንዱ የክፍላችን ልጅ “ማን አየው?” ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ደወል ተደወለ። ግን እኮ ጥያቄው ትክክል ነው! እኔም መልሱን ሳነብ ሰነበትኩ።

ማንም አላየውም። ውሃ ግን ሲሄድ ምልክት ትቶ ይሄዳል። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ክዳን ክፈቱና ውስጡን እዩ (ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ታዲያ!)። ያ ነጭ ቅርፊት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ማዕድን ነው። ማንቆርቆሪያው ባዶ ቢሆንም ውሃ ሲፈላበት እንደነበር ይናገራል።

ኦፖርቹኒቲ የምትባለው የናሳ ሮቦት በፈረንጆች 2004 ማርስ ላይ አረፈች። ለ3 ወር ያህል ነበር የተላከችው፤ እስከ 2018 ሠራች። በ2011 አለት ውስጥ ነጭ መስመር አገኘች፤ ስፋቱ እንደ አውራ ጣት፣ ርዝመቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር። ስትመረምረው ካልሲየምና ሰልፈር አለበት። ጄሶ ነው! የተሰበረ እጅ የሚታሰርበት ጄሶ የሚሠራውም ከዚሁ ማዕድን ነው። ውሃ ከአለት ውስጥ ካልሲየም አሟሙቶ፣ ከሰልፈር ጋር ሆኖ፣ መሬት ውስጥ ባለ ስንጥቅ ሲያልፍ ያስቀመጠው ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ማዕድኑ የውሃውን ዓይነት ጭምር መናገሩ ነው። ሮቦቷ መጀመሪያ ያገኘችው ጃሮሳይት የሚፈጠረው አሲድ በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ጄሶው ግን አሲድነቱ አነስ ያለ ውሃ እንደነበረ ይጠቁማል። እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ለሕይወት ይሻላል። የሚኖርበት ነገር ነበረ ወይ? እሱ ገና አልታወቀም።