በታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች ላይ የሚደርስ የአንጎል መናወጥና መከላከያው

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞች እግር ኳስ በታዳጊዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም.፣ ሀምበሪቾ ዱራሜ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ መሳተፋቸው ይህን ፍቅር ሳያጠነክረው አልቀረም። ይሁንና ታዳጊው የሚጫወተው ሐኪም በሌለበት የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ ጭንቅላቱን ሲመታም ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ውኃ ተረጭቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አደጋውም ከዚህ ላይ ነው።

ኮንከሽን ወይም የአንጎል መናወጥ በጭንቅላት ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ያረፈ ኃይል አንጎልን ሲያናውጥ የሚፈጠር የአሠራር መዛባት ነው። በሲቲ ስካን ምንም ላይታይ ይችላል። ራሳቸውን የሚስቱት ከተጎጂዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆኑ «ራሱን አልሳተም» የሚለው ቃል ማስረጃ አይሆንም። ምልክቶቹ ዘግይተው ሊታዩም ይችላሉ። ከጨዋታ ሁለት ቀን በኋላ በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ታዳጊ ስለ ግጭት ካልተጠየቀ፣ የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ለአየር ኳስ ሲዘለል ጭንቅላት ከጭንቅላት ወይም ከክርን ሲጋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆን ብሎ ጭንቅላትን በክርን መማታት በቀይ ካርድ እንዲያስቀጣ ከተደረገ ወዲህ በጀርመን ቡንደስሊጋ የጭንቅላት ጉዳት 29 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተዘግቧል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ውድድር ጠንካራ ዳኛ ማቆም ከሁሉ ርካሹ መከላከያ ነው። ቴስታን በተመለከተ፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ሕፃናት ከልክሎታል። ውኃ የጠጣ ከባድ ኳስን ማስወገድና የግብ ብረቶችን ከመሬት ጋር ማሰርም ይገባል።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጠረጠረ ታዳጊ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ብቻውንም አይተውም። ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ የእጅና እግር መስነፍ፣ የአንገት ሕመም ወይም እየጨመረ የሚሄድ እንቅልፋምነት ከታየ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለሌሎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠነኛ ዕረፍት ይበቃል፤ በጨለማ ክፍል ለቀናት ማስተኛት የቀረ ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ወደ ትምህርቱ፣ ቀጥሎም በደረጃ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት እየቆየ ወደ ልምምድ ይመለሳል። በሕፃናት ላይ ማገገሙ እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሳያገግም ዳግመኛ የተመታ ታዳጊ አንጎሉ በድንገት አብጦ ሊሞት ይችላል፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ቢከሰትም መድኃኒቱ አስቀድሞ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ስለሆነም ጤና ባለሙያው ለአሠልጣኙ በቃል ከመናገር ይልቅ ታዳጊው የማይጫወትበትን ጊዜ በጽሑፍ አድርጎ ለወላጅና ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ ይመረጣል።