በእንግሊዝኛ 50 ያመጣ ልጅ ምን ያህል ይሰማል? ምን ያህልስ ያነባል?

በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት፣ ከአማርኛው በቀር፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገውም፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ተሻግሮ፣ ስንቁን ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም በዚህ እኩል ናቸው። ልጁ እንግሊዝኛ ሰምቶና አንብቦ የመረዳት አቅሙ ከደከመ ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም አብረው ይደክማሉ።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ሀገር ደነገጠ፤ ስለ ኩረጃም፣ ስለ መምህራንም፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱም ብዙ ተባለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ነው፦ ልጁ የፊዚክሱን ጥያቄ ሲያነብ ምን እንደተጠየቀ ገብቶት ነበር ወይ? ይህን የምናውቀው የማንበብና የማዳመጥ ችሎታውን በቅጡ ከመዘንን ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም፣ በወላጆች ዘንድም እንደ እውነት የሚነገሩ፣ ሲመረመሩ ግን የማይጸኑ እምነቶች አሉ።

“ጥርት አድርጎ ካነበበ ገብቶታል”

መምህሩ አንዱን ልጅ “ተነሥተህ አንብብ” ይለዋል። ልጁ ሳይደናቀፍ አንቀጹን ይወርደዋል፤ “ጎበዝ” ተብሎ ይቀመጣል፤ ማርክም ይያዝለታል። ያ ማርክ የመዘነው ልጁ ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥ መቻሉን ነው። ስለ መረዳቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ልዩነት የጣና ዳር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በንባብ ቤት ተማሪው ዳዊቱን ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁም ንባቡን እያለ ይወጣዋል፤ በዚያ ደረጃ ምሥጢሩን ተናገር ብሎ የሚያስጨንቀው የለም። አገባቡ የሚገኘው ቅኔ ቤት፣ ትርጓሜው የሚገኘው መጻሕፍት ቤት ነው። መምህሩም ሌላ፣ የሚፈጀው ዓመትም ሌላ። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ዳዊትን ተረጎመ ብሎ ያሰበ የኔታ የለም። በእንግሊዝኛ ክፍል ግን ሁለቱን በአንድ ማርክ እናስራቸዋለን።

ጎፍና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በአጭር ቀመር አስቀምጠውታል። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን የመፍታት ችሎታ በቋንቋ የመረዳት ችሎታ ሲባዛ የሚገኘው ነው። መደመር ሳይሆን ማባዛት ያሉት ሆን ብለው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው። ከዚህ የሚወጣው ምክር ለማንኛውም መምህር ይሠራል። ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ያዙ፤ አንዱን ለተማሪዎቹ አንብቡላቸውና ጠይቁ፣ ሌላውን ራሳቸው አንብበው ይመልሱ። ሲነበብለት የገባው፣ ራሱ ሲያነብ ግን የጠፋበት ልጅ ችግሩ ንባብ ነው። በሁለቱም የጠፋበት ልጅ ችግሩ ቋንቋው ራሱ ነው፤ እሱን “ደጋግመህ አንብብ” ማለት አይረዳውም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ሲያነብ “እስኩል” እና “እስቱደንት” የሚል ልጅ አማርኛ ያስለመደውን አናባቢ ጨመረ እንጂ ሳይገባው አልቀረም። የንባብ ማርኩ በዚህ መቀነስ የለበትም።

“ማዳመጥ ላቦራቶሪና ካሴት ይፈልጋል፤ እኛ ጋ አይፈተንም”

በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ የማዳመጥ ትምህርት በየምዕራፉ አለ፤ የሚነበበው ጽሑፍም በመምህሩ መምሪያ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል። በብሔራዊ ፈተናው የማዳመጥ ክፍል የለም፤ የማይፈተን ነገር ደግሞ ሰዓት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። መምህሩን ለብቻው መውቀስ አይገባም። ልጆቹም ወላጆቹም “ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?” ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው።

ሀገሪቱ በአንድ ወቅት በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲዘረጋ፣ ይዘቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። ልጆቹ ድንገት በቀን ብዙ ሰዓት የማያውቁትን አነጋገር ማዳመጥ ግድ ሆነባቸው። ፕላዝማው አይቆምም፣ አይደግምም፣ “ገባችሁ?” ብሎ አይጠይቅም። ፍጥነቱን መከተል አቃተን የሚለው የተማሪዎች አቤቱታ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። የኬሚስትሪውን ትምህርት ከጆሮ ያራቀው የማዳመጥ ችሎታ ማነስ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ አስቀድመን መዝነን ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ፕላዝማ የተደረገው ክርክር ሁሉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለምዘናው የመምህሩ ድምፅ ይበቃል። በስልክ ቀድቶ በትንሽ ስፒከር ማሰማት ደግሞ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰጥ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አነባበቡ ላይ ነው። ቃል በቃል እየቆራረጡ ማንበብ የቃል ጽሕፈት ያደርገዋል፤ ማንም ሰው እንደዚያ አይናገርም። በተለመደው ፍጥነት እያነበቡ በሐሳብና በሐሳብ መካከል ትንሽ ማረፍ ይሻላል። የሚነበበውም የመጽሐፍ አንቀጽ ባይሆን ይመረጣል፤ ጆሮ በእውነተኛው ኑሮ የሚሰማው ማስታወቂያ፣ የአቅጣጫ ምሪት፣ የሁለት ሰዎች ንግግር ነው።

ለምሳሌ የባሕር ዳር ወደብ ማስታወቂያ ይዘጋጅ። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ይህን ሰዓት ይነሣል፤ ወደ ደቅ የሚሄደው በነፋስ ምክንያት ዘግይቷል፤ ተሳፋሪዎች ዛሬ በዚህኛው በር መግባት አይችሉም። ተማሪው ሠንጠረዥ ተሰጥቶት መድረሻውን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ይሞላል። ይህች ትንሽ ልምምድ ብዙ ትገልጣለች። “ካን” እና “ካንት” በፈጣን ንግግር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያውቅ መምህር፣ “በዚህ በር ግቡ” ብለው የጻፉትን ልጆች ሲያይ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ሰዓቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ማስታወቂያው “ኤይት ኦክሎክ” ሲል አንዱ 8 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ቀይሮ 2 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የሰማውን ወደ ራሱ ኑሮ አዛምዶታልና ኤክስ ሊደረግበት አይገባም። ወይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ አስቀድሞ ይነገር፣ ወይ ሁለቱም መልሶች ይያዙ።

“ሁለቴ ከተነበበላቸው ፈተና መሆኑ ቀረ” የሚሉም አሉ። አይኤልትስ አንዴ ብቻ ያሰማል፤ የኬምብሪጁ ቢ2 ፈርስት ሁለቴ ያሰማል። ሁለቱም በዓለም ዙሪያ የታመኑ ፈተናዎች ናቸው። የሚያስፈልገው ልጆቹ ስንት ጊዜ እንደሚሰሙ አውቀው መጀመራቸውና ድምፁ ሳይጀምር ጥያቄዎቹን የሚያዩበት ጊዜ ማግኘታቸው ነው። ጥያቄውን ሳያይ ያዳመጠ ልጅ የሚፈተነው በትውስታው ነው።

“ምንባቡ ስለሚያውቁት ነገር ከሆነ ፍትሐዊ ነው”

ይህ እምነት ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግማሹም ትክክል ነው። ሬክትና ሌዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ምድር ለምድር ስለሚሄድ ባቡር ወይም ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያወራ ምንባብ ለጣና ዳር ልጅ ሲሰጥ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር የኑሮ ልዩነቱም አብሮ ይለካል።

ነገር ግን ያው ጥናት በሌላ በኩልም ያስጠነቅቃል። ጣናን ስለወረረው የእንቦጭ አረም የሚናገር ምንባብ አዘጋጅተን “አረሙ ዓሣን የሚጎዳው ለምንድን ነው?” ብለን አራት ምርጫ ብንሰጥስ? እንቦጭ በጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የባሕር ዳር ልጅ በራዲዮም፣ በነቀላ ዘመቻም፣ ከዓሣ አጥማጅ አጎቱም ስለሱ ሲሰማ ኖሯል። ምንባቡን አንድ መስመር ሳያነብ ትክክለኛውን ያጠቁራል። መቶ ቢያመጣ ስለ እንቦጭ ያለውን እውቀት እንጂ ንባቡን አላየንም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄዎቹን ብቻ፣ ያለ ምንባቡ፣ ለሌላ ክፍል ልጆች መስጠት ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት የሚመታው ከአራት አንዱ ገደማ ነው። ያለ ምንባብ ከግማሽ በላይ የሚመልሱት ጥያቄ ካለ ይጣል፣ ወይም ምንባቡ ውስጥ ብቻ ወዳለ ነገር ይቀየር። ስለ እንቦጩ “አረሙ ምን ያደርጋል?” ከማለት “ጸሐፊው በሁለተኛው አንቀጽ የጠቀሰው ዓሣ አጥማጅ መረቡን ለምን ሸጠ?” ማለት ልጁን ወደ ጽሑፉ ይመልሰዋል።

“ማትሪክ ላይ 50 ካመጣ ቋንቋውን ግማሹን ያውቃል”

ሒሳቡን እንየው። መቶ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ አራት ምርጫ ያለው። ልጁ በእርግጥ የሚያውቀው 34ቱን ነው እንበል። የቀሩትን 66 በግምት ቢያጠቁር ከአራት አንዱ ይመታለታል፤ ያ 16 ወይም 17 ነው። ድምሩ 50 ገደማ። ስለዚህ 50 ያመጣ ልጅ ያወቀው ሲሶውን ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የፈተናው ጥያቄዎች በሰዋስው፣ በቃላት፣ በንግግር ማሟያና በምንባብ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ ሁሉም ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ሰዋስው ሸምድዶ ምንባቡን የዘለለና ምንባቡን በሚገባ የሠራ ልጅ እኩል ሊያመጡ ይችላሉ። ማዳመጥን በተመለከተ ቁጥሩ ዝም ይላል።

ቃላት መሸምደድም ያንኑ ያህል ያሳስታል። የቃላት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው ስሌት፣ ልብ ወለድንና ጋዜጣን ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት ከ8 እስከ 9 ሺህ የቃላት ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) ያስፈልጋል፤ ንግግርን ለመከታተል ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሺህ ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ በየገጹ ደጋግመው የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሺህ ናቸው። ልጆቻችን ደብተር ሞልተው የሚይዙት ብርቅ ቃል፣ ተራውን ቃል ገና ላላወቀ ልጅ አይጠቅመውም።

“በአማርኛ መማሩ ነው እንግሊዝኛውን ያደከመው”

ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው፣ ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ተካሂዶ ነበር። በየክልሉ ያሉትን የ8ኛ ክፍል ውጤቶች አመሳክሮ ያገኘው የተገላቢጦሹን ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ ጠንክረው የተማሩት በሌሎቹ ትምህርቶች የተሻሉ ሲሆኑ፣ በእንግሊዝኛም አልተጎዱም። ወላጅ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ለማስተማር ከፍሎ ከማስመዝገቡ በፊት ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ለምዘናውም ቢሆን አማርኛ ይረዳል። “ጥያቄውም መልሱም በእንግሊዝኛ ካልሆነ የእንግሊዝኛ ፈተና አይባልም” ይባላል። ተመራማሪዋ ኤላና ሾሃሚ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝኛ በሚማሩ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ያው ምንባብ ጥያቄው በራሳቸው ቋንቋ ሲቀርብላቸው ይበልጥ ቀላል ሆኖላቸዋል። ምንባቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጥያቄው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማዳመጥ ጥያቄ የቀረበለት ልጅ ቢሳሳት፣ የሰማው ጠፍቶት ይሁን የተጠየቀው አልገባው አናውቅም። በአማርኛ ጠይቀን በአማርኛ ከመለሰ የሰማውን ብቻ እናያለን።

በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ዓመት ያለፋቸው ልጆች ሲመለሱ ይህ ዓይነቱ ልዩነት ይበልጥ ያስፈልጋል። መምህሩ በሮስተሩ ላይ ካለው አንድ የእንግሊዝኛ ቁጥር ጎን በራሱ ደብተር ሁለት ዓምድ ይጨምር፤ አንዱ ማዳመጥ፣ አንዱ ንባብ። ከአሥር በማዳመጥ 8፣ በንባብ 3 ያመጣው ልጅ በየቀኑ አጭርና ቀላል ጽሑፍ፣ ለማንበብም የሚበቃ ጊዜ ይሰጠው። በንባብ 8፣ በማዳመጥ 3 ያመጣችው ልጅ ደግሞ ያነበበችውን ምንባብ እያየች ሲነበብ ትስማው፤ በኋላ መጽሐፉን ዘግታ ትስማው። በሁለቱም 3 ያመጡት ግን ከዘጠነኛ ክፍሉ መጽሐፍ በፊት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍሉ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይቅደምላቸው።